በክሪክ ላይ የቆመችው ዲኤክስ

ከግቢው ሳይወጣ የሙህሲንን ያህል መንገድ የነዳ ሰው በቆቦ ምድር አይገኝም። መኪናዋ አሮጌ ዲኤክስ ናት። ከኋላ በክሪክ ተነስታ፣ ከሥሯ የግራር ግንድ ተደግፎላት፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ሲሽከረከሩ ዓመታት አለፉ። ቆጣሪዋ ግን መሬት ይሁን አየር አይለይም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ይቆጥራል። አንድ ቀን ሙህሲን አጎንብሶ ቆጣሪውን አየና፣ «ዒምራን፣ ዛሬ እኮ ሞያሌ ገባን» አለኝ። «እንኳን ደህና ገባችሁ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ።

የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የራሴንም ጭምር። ለምን እንደለወጥኩ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል። እኔ መናኸሪያው አካባቢ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ፀባይ የለውም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ሳይገዛ ዋጋ እየጠየቀ ዕቃዬን ሲነካካ የሚውል ሰው ያበግነኛል። ሙህሲን የእህቴ የኡሙልኸይር ባል ነው።

በደጉ ጊዜ የቆቦ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ከእሱ ጋር የተሳፈረ ሰው ሮቢት ላይ ስልኩን አውጥቶ «አሁን ተነስተናል» ብሎ ሳይጨርስ ጎብዬን አልፎ ይገኛል። አሮጊቶች ተራው የሙህሲን መሆኑን ሲሰሙ ቀጣዩን መኪና ይጠብቁ ነበር። ፈቶ መግጠምም ያውቅበታል። ሳቂታ ነው፤ ወሬ ሲያወራ እንኳ እጆቹ መሪ እንደያዘ ሰው ይዞራሉ። እንግዲህ ይሄ ሰው ነው አንድ ክረምት ግቢው ገብቶ በሩን የዘጋው።

ነገሩ የመጣው በጎርፍ ነው። በራያ ቆላ ዝናቡ የሚጥለው ተራራው ላይ ነው፤ ወደ እኛ የሚወርደው ጎርፉ ነው። ገበሬው ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል፤ ማን መቼ እንደሚጠልፍ ተራ አለው። የሙህሲን ታናሽ ወንድም አብዱሰመድ በዚያ ክረምት ተራው ደርሶ ወደ ማሳው ሲወርድ ቦዩ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ተሰብሮ አገኘው። ተሰዳደቡ፤ አካፋ ተማዘዙ። ጎረቤትየው ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። አብዱሰመድ በዚያው ወደ አፋር ወረደ። ጅቡቲ ነው ያሉ አሉ፣ ባሕር ተሻግሯል ያሉም አሉ። እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

በእኛ አገር ገዳይ ከጠፋ ደሙ የሚፈለገው ከቅርብ ወንድ ዘመዱ ነው። ነገሩ ሙህሲን ላይ ዞረ። ደሙን የመመለሱ ሸክም ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም ጀሚል ላይ ወደቀ። ጀሚል ሳውዲ ለመሄድ ሻንጣ ገዝቶ የነበረ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ጎረምሳ ነው። ሁለቱም አንዳች ነገር ያላጠፉ ሰዎች ናቸው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ደምም ወግ አለው። ደመኛን ቤቱ ገብቶ መግደል ነውር ነው። ሴት አትነካም። አማችም አይነካም፤ ስለዚህ እኔ እንደልቤ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሙህሲን ግን የግቢውን በር ካለፈ ያለቀለት ነው። ፖሊስ የት ሄዶ ትሉ ይሆናል። ፖሊስ ምን ብሎ ጀሚልን ይያዘው? ሰውየው ያደረገው ነገር ቢኖር ጠመንጃ ይዞ ደጁ ላይ መቀመጥ ነው። በራያ ጠመንጃ ይዞ ደጁ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይታሰር ከተባለ አሳሪ አይተርፍም።

የሙህሲን ግቢ ከከተማው ዳር ነው። ከኋላው ወንዙ የሸረሸረው ገደል አለ፤ ግራና ቀኙ የጀሚል አጎቶች ማሳ ነው። መውጫው አንድ ነው፤ ከሁለት ወገን በለስ ያጠረው ቀጥ ያለ ጠባብ መንገድ። ያ መንገድ አስፋልቱ ላይ ከመድረሱ በፊት በጀሚል ደጅ ያልፋል። የሚገባ የሚወጣውን ባጃጅ ሁሉ አጎቶቹ አስቁመው ውስጡን ያያሉ።

ሸህ ኢክራማ የሚባሉ አስታራቂ ሽማግሌ ደጋግመው ለእርቅ ሄዱ። የሟቹ እናት እማ ሀሊሜ በር አልከፈቱላቸውም። «ልጄ ከመቃብሩ ተነስቶ እሺ ካለ እኔም እሺ እላለሁ» አሉ። እናት ናቸው፤ ምን ይባላሉ። እሳቸው እሺ ካላሉ ጀሚል እሺ ማለት አይችልም። ጀሚል ዝም ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ ዘመድ አዝማዱ እንደ ሴት ሻሽ እሰር ብሎ ሻሽ ይልክለታል፤ አንድ ጊዜ ልከውለታልም አሉ።

እንዲህ እያለ ነው ዲኤክሷ የመጣችው። ደንበኛ በር ድረስ እያመጣለት ሙህሲን ግቢው ውስጥ መኪና ይጠግናል። ከጎብዬ የመጡ አንድ አስተማሪ ይህችን ዲኤክስ አስጎትተው አመጡና፣ ሞተሯ እንዳለቀለት ሲነገራቸው «በል እዚያው ቅበራት» ብለውት በሚኒባስ ተመለሱ። ሙህሲን አልቀበራትም። ስመጣ ከሥሯ ተኝቶ አገኘሁት።

«ዒምራን፣ እቺ ቀላል ናት» አለኝ ሳይወጣ። «ደግሞ ከኋላ ጎማዋ ነው የምትገፋው። ስትነሳ ከኋላ ቁጢጥ ብላ ነው የምትወረወር። ክብደቷን ባወርድላት፣ ጠንከር ያለ ሞተር ባገባላት፣ ጀሚል ከመቀመጫው ተነስቶ ጠመንጃውን እስኪያነሳ አልፌው ሄጃለሁ።»

ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰውየው እንደ ድሮው ስለ መኪና እያወራ አይደለም፤ ስለ በሩ ነው የሚያወራው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ሁሉ እሷ ሆነች። ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ፣ ከእሷ ከፍ ያለ ሞተር ፈልጌ አመጣሁለት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ወልድያ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላጨሁት። ለምን እንደሚላጭ ስጠይቀው፣ «አየሩና ቤንዚኑ ይበልጥ እንዲታፈን ነው። በታፈነ ቁጥር ሲፈነዳ ጉልበቱ ይብሳል» አለኝ። ይሄን ሲል ዓይኔን አላየኝም። በአንድ ካርቡራተር ፋንታ ሁለት ገጠመላት። ድምፅ ማፈኛ ማርሚታዋን አውልቆ ሰፊ ቧንቧ በየደላት፤ ሲያስነሳት የጎረቤት ዶሮዎች ወደ ማሽላው ይገባሉ።

ማቅለሉ ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። ያልፈታው ነገር የለም። የፈታው ሁሉ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ ያዘ። የኋላ ወንበሯ ሳሎን ገብቶ የእንግዳ መቀመጫ ሆነ፤ ሸህ ኢክራማ ስለ እርቅ ሲመክሩት የሚቀመጡት እሱ ላይ ነበር። ፓራውልቷ፣ ግጭት መከላከያ ብረቷ፣ ግድግዳ ላይ ተመቶ የልብስ መስቀያ ሆነ። ከበሮቿ ውስጥ የተነቀለው ገበር የዶሮ ቤት ክዳን ሆነ። ኮፈኗን አውልቆ በስስ ላሜራ ቀየረው። የኋላ መስተዋቷን አውጥቶ ላስቲክ ወጠረበት። ባትሪዋ ከበዳት ብሎ የባጃጅ ትንሽ ባትሪ ገጠመላት። «ኪሎ ነው የሚገድለኝ» ይል ነበር። በኋላ ወደ ራሱ መጣ፤ እራት መቀነስ ጀመረ። እህቴ ሰሃን ስታቀርብለት ግማሹን ገፋ ያደርገውና «ይሄን ሁሉ ተሸክሜ ልሮጥ ነው?» ይላታል። ሰውየው ከስቶ አጥንቱ ቀረ። ሳየው ሆዴ ይባባል፤ አፌ ግን «ጎሽ፣ በጀርባ ኪስ የምትገባ ሆንክ» ይለዋል።

እኔን ደግሞ ሰላይ አደረገኝ። በጀሚል ደጅ ሳልፍ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲነሳ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አይቼ እነግረዋለሁ። «ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሳው፤ ቀርፋፋ ነው» ስለው ፊቱ በራ። ወዲያው ግን በራሱ አፈረና፣ «ምስኪን፣ ቁጭ ብሎ ብሎ ጉልበቱ ደርቆ ነው» አለ።

መኪናዋ ስትስተካከል አንድ ሰው መሪ ላይ ተቀምጦ ቤንዚን መርገጥ፣ ማርሽ መቀየር አለበት፤ ሙህሲን ኮፈኑ ሥር ሆኖ በጆሮው ያዳምጣል። ያ ሰው ኡሙልኸይር ሆነች። ከመግሪብ በፊት፣ ሽሮዋን አውርዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ትገባለች። መጀመሪያ ዝም ብላ የታዘዘችውን ትረግጥ ነበር። እያደር ማርሹን ሳታይ መቀየር፣ ፍሪሲዮን በልክ መልቀቅ ቻለች። ሙህሲን ከፊቷ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ «አሁን የሮቢት ኩርባ ነው፣ ቀንሺ። አሁን ጎብዬ ገበያ ነው፣ በግ ገባብሽ» ይላታል። እሷም ፍሬን ትይዛለች። እህቴ መንዳት የተማረችው አንዲት ስንዝር ሳትሄድ ነው። እያየኋቸው እስቃለሁ፤ ግቢዬ ስገባ ግን አልስቅም። ሁለት ሰዎች በየማታው ተነስተው ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ያው ገደሉና በለሱ መሃል ናቸው።

ይህ ሁሉ ድምፅ ጀሚል ደጅ ይሰማል። አንድ ቀን ሳልፍ አስቆመኝና፣ «ያ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?» አለኝ። «መኪና ይጠግናል» አልኩት። «የማን መኪና ነው እንዲህ የማይድን?» አለ። ሰላም ብዬው አለፍኩ።

እንዲህ እያልን ዕድሜያችንን እንጨርስ ነበር ይሆናል። ነገሩን የለወጠችው ኡሙልኸይር ናት። ከተጋቡ ጀምሮ ልጅ አልወለዱም ነበር፤ ተስፋም ቆርጠው ነበር። አንድ ቀን ሱቄ መጣችና የመጣችበትን ሳትነግረኝ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አርግዣለሁ አለችኝ። ደስ ብሎኝ «ማሻአላህ» ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ወንድ ቢሆንስ?» አለች።

ያኔ ገባኝ። ወንድ ከሆነ ደሙን ይዞ ይወለዳል። ሙህሲን ቢሞት እንኳ ልጁ አለ ይባላል። እዚያ ግቢ ውስጥ ይወለዳል፣ እዚያው ይድሃል፣ እዚያው ፂም ያወጣል፤ በሩን ያለፈ ቀን ያው ነው። አጎቶቹ ደግሞ መወለዱን በዓይናቸው ካዩ አይረሱትም።

ማታ ሦስታችን ሳሎን የዲኤክሷ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተነጋገርን። ሙህሲን መኪናዋ ልትደርስ ትንሽ ቀራት አለ። እህቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራታል። ሆዴ ግን አይጠብቅህም።»

«እሺ፣ እወጣለሁ። ብቻዬን ነድቼ አልፈዋለሁ፤ አንቺ በኋላ ትመጫለሽ።»

«አንተን መሪ ላይ ካየህ ይተኩሳል። አንተ ፈጥነህ ጥይቱ አይፈጥንም? የምነዳው እኔ ነኝ። ሴት ላይ አይተኩስም።»

«ሴት ላይ ካልተኮሰ ታዲያ ይሄ ሁሉ ፍጥነት ለምንድን ነው?» አልኳት እኔ።

«ሊያስቆመኝ ይወጣላ። ውስጡን ሊያይ። ሳይደርስብኝ ማለፍ አለብኝ» አለች።

ሙህሲን ራሱን ያዘ። ከዚያ፣ «በሚስቱ ቀሚስ ተሸሽጎ ወጣ ይሉኛል» አለ።

«ይበሉሃ። ሆዴ ውስጥ ያለውንስ ምን ሊሉት ነው?»

ሙህሲን ተነስቶ ወደ መኪናዋ ሄደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ኋላዋ ወንበር ስለሌለው አንድ ሰው ላሜራው ላይ ተጋድሞ ይበቃዋል አለ። ራሱን ለዕቃ እንደሚለካ ነው የለካው።

ሆዷ ገፍቶ ሲታይ የገበያ ቀን መረጥን፤ አጎቶቹ በሬና ማሽላ ይዘው ገበያ ይወጣሉ፣ ደጁ ላይ ጀሚል ብቻ ይቀራል። ቤንዚን እንደ ወርቅ በጠፋበት ሰሞን በውሃ ላስቲክ እያጠራቀምኩ አደረስኩ። በዚያ ጠዋት መኪናዋን ከክሪክ አወረድናት። ስትወርድ ሞላዎቿ አቃሰቱና ዝቅ አለች፤ መሬት ከረገጠች ዘመኗ ነው። ሙህሲን ጎማዋን በእጁ ዳበሳት። ከዚያ ኋላ ገብቶ ተጋደመ፤ እህቴ የማሽላ ጆንያ አለበሰችው። እኔ ከመንገዱ ጫፍ፣ አስፋልቱ ዳር ሄጄ ቆምኩ፤ ከዚያ እስከ ጀሚል ደጅ ድረስ ይታያል።

ድምፁ መጣ። ያ የለመድነው ጩኸት፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ እየቀረበ። ዲኤክሷ ከበሩ ወጣች፣ አቧራ አስነሳች፣ በለሱ መሃል ተወረወረች። ሙህሲን እንዳለው ከኋላዋ ቁጢጥ ብላ ነው የመጣችው። አምላኬ፣ አለፈች አልኩ።

ጀሚል ደጅ ላይ ጎርፍ ያመጣው አሸዋ መንገዱን ያቋርጣል። እዚያ ስትደርስ እህቴ እንደተማረችው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረገጠችው። መኪናዋ አንድ ጊዜ አሳላት፣ ዘለለች፣ ድጋሚ አሳላት፣ ጠፋች። ጎማዎቿ አሸዋው ውስጥ ተቀመጡ። እህቴ ቁልፉን አዞረች፤ ያቺ የባጃጅ ባትሪ አንዴ አቃሰተችና ደከመች።

ምን እንደተሳሳተ ሙህሲን በኋላ ነው የነገረኝ። ያቺን መኪና ለዓመታት ያስተካከላት አየር ላይ ነው። ቤንዚኗን የለካላት፣ አየሯን የመጠነላት ጎማዋ ምንም ሳይነካ በባዶ ሲዞር ነው። መሬት አውርዶ እንዳይሞክራት መሬቱ የጀሚል ደጅ ነው። ጭነት ምን እንደሆነ የማታውቅ መኪና ሠራ። ይሄን የመሰለ ስህተት የሚሠራ መካኒክ በዓለም ላይ አይኖርም፤ በሩ ላይ ደመኛ የተቀመጠበት ካልሆነ በቀር።

ጀሚል ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መኪናዋ መጣ። እኔ ብሮጥ ውስጥ ሰው እንዳለ አሳብቃለሁ ብዬ ባለሁበት ቆምኩ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ እህቴ ናት የነገረችኝ።

«ኡሙልኸይር፣ ምን ሆንሽ?» አላት።

«ጠፋችብኝ አያ ጀሚል።»

«አንቺ ነሽ የምትነጃት?»

«በየማታው ስትሰማው የኖርከው እኔን ነው።»

ጥቂት አሰበና ፈገግ አለ። «እኔ እኮ እሱ መስሎኝ ነው» አለ። ከዚያ ሆዷን አየ። ወዴት ነው አላት። ወልድያ ሐኪም ቤት ነው፣ እናቴ ዘንድ ሆኜ ልወልድ ነው አለችው። ለመውረድ በሩን ስትከፍት «አትውረጂ፤ በዚህ ሆድሽ አትገፊም» አላት። ጠመንጃውን አውርዶ በለሱ ላይ አስደገፈው። ዞሮ ከኋላ ሄደ።

ሙህሲን ላስቲኩ ሥር ጆንያ ለብሶ ተጋድሟል። የጀሚልን ትንፋሽ ይሰማል። ሁለቱን የለያቸው እሱ ራሱ ያሳሳው ላሜራ ነው። ጀሚል ደረቱን አስደግፎ ገፋ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ድጋሚ ገፋ፤ ትንሽ ተንቀሳቅሳ ተመለሰች።

«ባዶ መኪና እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አለ።

«እኔ ሁለት ነፍስ ነኝ አያ ጀሚል» አለችው።

ጀሚል እጁን ከመኪናዋ ሳያነሳ ቆየ። እህቴ መሪውን ጨብጣ ሸሃዳ ትላለች። ጠመንጃው በለሱ ላይ ነው፤ ዘወር ብሎ ሊያነሳው የሚበቃ ርቀት ነው።

«እኔ የምገፋው ግን ሦስት ነው» አለ ጀሚል፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ጀሚል እግሩን አሸዋው ውስጥ ተከለና እንደገና ገፋ። እኔ ከሩቅ ሳይ ሰውየው አጎንብሶ፣ አንገቱ ሥር ተወጥሮ፣ ነጠላ ጫማው ወልቆ ነው የሚገፋው። አሸዋውን አልፈው ጠንካራው መሬት ላይ ሲደርሱ፣ «ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ፍሪሲዮኑን ልቀቂው» አላት። ለቀቀችው። ዲኤክሷ ተንገጫግጫ ተነሳች፤ እህቴ ቤንዚኑን ቀስ አድርጋ እየሰጠቻት በአጠገቤ አለፈች። ወደ እኔ እንኳ አልዞረችም። ጀሚል ዘወር ብሎ ጫማውን ከአሸዋው አወጣ፤ ጠመንጃውን አነሳ፤ ደጁ ላይ ተቀመጠ።

የት እንደገቡ አልነግራችሁም። ሙህሲን ሲደውልልኝ ያወራው ስለ መኪናዋ ነበር። «ስንት ነገር አውርጄላት፣ ስንት እራት ትቼላት፣ መጨረሻ ላይ የከበድኳት እኔ ራሴ ነኝ» አለኝ። ሊስቅ ጀምሮ አልጨረሰውም።

ጀሚል ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በአንዱ ሱቄ መጣ። ጠመንጃ አልያዘም። ከመደርደሪያው አንድ የሞተር ካንዴላ አነሳና፣ «ስንት ነው?» አለ። መኪና የለውም። ዋጋውን ነገርኩት። ካንዴላውን እያገላበጠ፣ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚያ ቤት ማታ ማታ መብራት ይብራ። ሬዲዮም ክፈት። አጎቶቼ ሄዷል ካሉ ሂድ ፈልገው ይሉኛል» አለ። «ፈላጊው እኔ ነኝ።»

ካንዴላውን መልሶ አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በየማታው እሄዳለሁ። መብራቱን አበራለሁ፤ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የዲኤክሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለእኔና ለሙህሲን የሚሆን ሽሮ እሠራለሁ፣ ጭሱ እንዲታይ። ለአጎቶቹ ኡሙልኸይር ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፣ መኪናዋንም ይዛት ሄዳለች ብያቸዋለሁ። ስወጣ ጀሚል ደጁ ላይ ነው። ሰላም እንባባላለን። እሱ ማንም የሌለበትን ቤት ይጠብቃል፤ እኔ ማንም የሌለበትን ቤት አሞቃለሁ። የሳውዲ ሻንጣው ቤት ውስጥ አልጋ ሥር እንዳለ ነው አሉ። ሙህሲን ወጣ፤ እሱ ግን ቀረ። ይሄን በእውነተኛ ስማችን ለማንም መናገር አልችልም።

በመጨረሻ ተደወለልኝ፤ ተገላገለች። በማግስቱ ጀሚል ሱቄ መጣ። ያቺኑ ካንዴላ አነሳ።

«ስንት ነው?» አለ።

እንደ ድሮው ዋጋውን ነገርኩት።

«ተገላገለች?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ምንድን ነው?»

ሴት ናት ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ለሁላችንም የሚቀለው እሱ ነበር። ግን ያንን መኪና የገፋ ሰው ነው፤ ልዋሸው አልቻልኩም።

«ወንድ» አልኩት።

ጀሚል ካንዴላውን በመዳፉ ላይ ይዞ ክብደቱን እንደሚለካ ሰው ከፍ ዝቅ አደረገው።

«አላህ ያሳድገው» አለ። ካንዴላውን ቦታው ላይ መለሰና ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ሳይዞር ቆመ።

«ስሙን ግን አትንገረኝ» አለና ወደ ደጁ ተመለሰ።